አፈር የማይሹ ጎረቤቶቻችን፦ የአየር ዕፅዋትና አሮጌዎቹ የጎጃም ዛፎች

ዕፅዋት ከመሬት እንደሚወለዱ፣ በአፈር ላይ እንደሚቆሙና ምግባቸውንም ከአፈር እንደሚያገኙ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነው። ዘሩ ይዘራል፤ ሥሩ ወደ ታች፣ ቡቃያው ወደ ላይ ያመራል። ይህ ሕግ ግን በሁሉም ዕፅዋት ላይ አይሠራም። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደንበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ በኩል ወደ ቡሬ የሚጓዝ መንገደኛ በማሳ መካከል በቆመ አሮጌ ዋንዛ ወይም በአንድ ደብር ቅጥር ውስጥ ባለ ወይራ ሥር ቆሞ ቀና ቢል፣ በግንዱና በቅርንጫፎቹ ላይ ሌላ ትንሽ የዕፅዋት ዓለም ያያል። በቅርፊቱ ላይ አረንጓዴ ምንጣፍ መስሎ የተነጠፈ ሞስ፣ ከቅርንጫፍ መገንጠያ ላይ የበቀለ ፈርን፣ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንጠለጠለ ግራጫ ላይከን፣ ዕድል ከቀናም ነጭ አበባ ያወጣ ኦርኪድ ሊያጋጥመው ይችላል። ከእነዚህ አንዱም መሬት አልነካም።

በዛፍ ላይ እያደሩ ከዛፉ ምግብ ሳይነጥቁ የሚኖሩት ዕፅዋት በሳይንስ ቋንቋ «ኤፒፋይት» ይባላሉ። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «በዕፅ ላይ ያለ ዕፅ» ማለት ነው። በተለምዶም «የአየር ዕፅዋት» ይባላሉ። ውኃና ምግብ የሚያስተላልፉ ቧንቧዎች ካሏቸው የዓለም ዕፅዋት ዝርያዎች ውስጥ 10 በመቶ ያህሉ በዚህ መንገድ የሚኖሩ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የአየር ዕፅዋት ያለ አፈር እንዴት እንደሚኖሩ፣ በጓሮና በትምህርት ቤት ግቢ እንዴት ተተክለው እንክብካቤ ሊደረግላቸው እንደሚችል፣ እንዲሁም የእነርሱ ዕጣ ከአሮጌ ዛፎቻችን ዕጣ ጋር ለምን እንደተሳሰረ እንመለከታለን።

ተቀጽላና ኤፒፋይት፦ ነጣቂና ጎረቤት

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ያስፈልጋል። ብዙ ሰው በዛፍ ላይ የበቀለን ነገር ሁሉ «ተቀጽላ» ብሎ ይጠራና ዛፉን እንደሚጎዳ ይቆጥራል። ተቀጽላ በእርግጥ ጥገኛ ዕፅ ነው። ዘሩ በወፎች አማካይነት በቅርንጫፍ ላይ ይጣበቃል፤ ከበቀለም በኋላ ሥር መሰል አካሉን ወደ ዛፉ እንጨት ውስጥ አስገብቶ ውኃና ማዕድን ይስባል። በማንጎና በብርቱካን ዛፎች ላይ ሲበዛ ምርት ይቀንሳል፤ ቅርንጫፍም ያደርቃል።

ኤፒፋይት ግን ሥሩን በቅርፊቱ ላይ ከማያያዝ በቀር ወደ እንጨቱ አይገባም። ዛፉ ለእርሱ ማዕድ ሳይሆን መቀመጫ ነው። ሁለቱን ለመለየት ማይክሮስኮፕ አያሻም። የተቀጽላ ግንድ ከቅርንጫፉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ብዙውን ጊዜ እብጠት ይታያል፤ እንጨትና እንጨትም አንድ ሆነው ይዋሃዳሉ። የኤፒፋይት ሥሮች ግን በቅርፊቱ ላይ ተሰራጭተው ይታያሉ፤ በጥንቃቄ ሲነሡም ከሥራቸው ያለው እንጨት ሳይነካ ይገኛል። በበጋ ወራት ዛፉ ቅጠሉን ሲያራግፍ ተቀጽላው ለምለም ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ውኃውን ከዛፉ ይወስዳልና። ሞሱና ላይከኑ ግን ደርቀው ይጠብቃሉ።

በሁለቱ መካከል የሚገኝ አስገራሚ ወገንም አለ። ከዋርካ ዘመዶች አንዳንዶቹ ሕይወታቸውን የሚጀምሩት እንደ ኤፒፋይት ነው። ወፍ የበላችውን ፍሬ ዘር በሌላ ዛፍ መገንጠያ ላይ ትጥላለች፤ ዘሩ እዚያው በቅሎ ሥሩን በግንዱ ዙሪያ ወደ መሬት ያወርዳል። ሥሩ አፈር ከነካ በኋላ ግን እየወፈረ አስተናጋጁን ዛፍ አንቆ ሊያደርቀው ይችላል። ስለዚህ አንድ ዕፅ ነጣቂ ነው ወይስ ጎረቤት ብሎ ለመፍረድ የበቀለበትን ቦታ ማየት ብቻውን አይበቃም፤ ሥሩ የት እንደሚደርስ መመርመር ያስፈልጋል።

ያለ አፈር መኖር እንዴት ይቻላል?

በቅርንጫፍ ላይ የሚኖር ዕፅ ሁለት ችግሮች አሉበት፤ የውኃ እጥረትና የምግብ እጥረት። ዝናብ በቅርፊት ላይ ወርዶ ወዲያው ያልፋል። ፀሐይና ነፋስም የቀረውን በሰዓታት ውስጥ ያደርቁታል። በምዕራብ ጎጃም ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ ሲሆን ከኅዳር ጀምሮ ለወራት የሚዘልቅ ደረቅ ወቅት ይከተላል። በዚህ አገር በዛፍ ላይ የሚኖር ዕፅ ሁሉ ይህን ረጅም በጋ የሚያልፍበት ዘዴ ሊኖረው ግድ ነው።

የመጀመሪያው ዘዴ ውኃን ፈጥኖ መያዝ ነው። በዛፍ ላይ የሚኖሩ ኦርኪዶች ሥራቸው «ቬላመን» በሚባል ስፖንጅ መሰል ሽፋን የተጠቀለለ ነው። ሽፋኑ ደረቅ ሲሆን አየር ስለሚሞላው ብርማ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ዝናብ ሲነካው ውኃውን መጥጦ በደቂቃዎች ውስጥ አረንጓዴ ይሆናል። ብዙዎቹም ትርፉን ውኃ በወፍራም ቅጠላቸው ወይም ባበጠ ግንዳቸው ያከማቻሉ።

ሁለተኛው ዘዴ መድረቅን መቻል ነው። ብዙ ሰብሎች በሰውነታቸው ካለው ውኃ የተወሰነውን ካጡ ጠውልገው ይሞታሉ። ሞስ፣ ላይከንና ፕሌዎፔልቲስን የመሳሰሉ ፈርኖች ግን ከውኃቸው አብዛኛውን አጥተው፣ ተኮራምተውና የሞቱ መስለው ይቆያሉ። ዝናብ ሲመጣ ቅጠላቸው ተዘርግቶ እንደገና ይለመልማሉ። በሚያዝያ ቡናማ የነበረው ቅርንጫፍ በሰኔ አረንጓዴ ሆኖ የምናየው ሁልጊዜ አዲስ ዕፅ ስለበቀለ አይደለም፤ ደርቆ ይጠብቅ የነበረው ነባሩ ነዋሪ ስለነቃ ጭምር ነው።

ሦስተኛው ዘዴ በሌሊት መተንፈስ ነው። አብዛኞቹ ዕፅዋት ለፎቶሲንተሲስ የሚያስፈልጋቸውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያስገቡት በቀን ሲሆን፣ ስቶማታ የሚባሉት የቅጠል ቀዳዳዎች ሲከፈቱ ውኃም በትነት ይወጣል። በርካታ የአየር ዕፅዋት ግን ቀዳዳቸውን በቀን ዘግተው በቀዝቃዛው ሌሊት ይከፍታሉ። ሌሊት ያስገቡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በማሊክ አሲድ መልክ አከማችተው፣ ፀሐይ ስትወጣ ለስኳር ሥራ ያውሉታል።

ምግብን በተመለከተም ከአቧራ፣ ከዝናብ ውኃ፣ ከወፍ ኩስና ከበሰበሰ ቅጠል የሚገኘው ጥቂት ማዕድን ይበቃቸዋል። በቅርንጫፍ መገንጠያ ላይ ለዘመናት የተጠራቀመው ብስባሽ ራሱ በአየር ላይ የተሠራ አፈር ነው። ላይከን ደግሞ በትክክለኛው አነጋገር ዕፅ አይደለም፤ ፈንገስና አልጌ በአንድ ጎጆ ውስጥ ተባብረው የሚኖሩበት አካል ነው። ፈንገሱ መጠለያ ይሰጣል፤ አልጌው ምግብ ያዘጋጃል። ላይከኖች ውኃንም ሆነ በአየር ውስጥ ያለውን ነገር በመላ ገላቸው ስለሚስቡ በተለይ በሰልፈር ዳይኦክሳይድ ብክለት ይጎዳሉ። ስለዚህም በብዙ አገሮች የአየር ንጽሕና መለኪያ ሆነው አገልግለዋል።

የአገር ልጆችና እንግዳው ቲላንድሲያ

በአበባ መሸጫዎችና በአትክልት መጻሕፍት «የአየር ዕፅ» ተብሎ የሚታወቀው ቲላንድሲያ የአናናስ ዘመድ ሲሆን ተፈጥሯዊ አገሩ የአሜሪካ አህጉር ነው። የአናናስ ቤተሰብ ከአሜሪካ ውጭ በተፈጥሮ ያለው ዝርያ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በምዕራብ አፍሪካ በጊኒ ይገኛል። ስለዚህ በጎጃም ዛፍ ላይ በራሱ የበቀለ ቲላንድሲያ አይገኝም። የቲላንድሲያ ቅጠል ሚዛን በሚመስሉ ጥቃቅን ጠጉሮች የተሸፈነ ሲሆን ውኃና ማዕድን የሚስበው በእነርሱ ነው። ሥሩ ለማያያዣነት ብቻ ያገለግላል። ከዝርያዎቹ አንዱ ከዛፍ ላይ እንደ ጢም ስለሚንጠለጠል፣ ሳይንሳዊ ስሙ ዩዝኒያ ከተባለው ላይከን ተወስዶ «ቲላንድሲያ ዩዝኒዮይደስ» ተብሏል። ትርጉሙም «ዩዝኒያን የሚመስል» ማለት ነው። እንግዳው በነባሩ ስም ተጠራ ማለት ነው፤ ዩዝኒያ በአገራችን ደጋ ዛፎች ላይም ሞልቷልና።

ኢትዮጵያ የራሷ የአየር ዕፅዋት ባለጸጋ ናት። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከሁለት የውጭ አገር ተመራማሪዎች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት የኢትዮጵያ ኦርኪዶች መመሪያ ከ160 በላይ ዝርያዎችን ያስተዋውቃል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በመሬት ላይ የሚበቅሉ ሲሆኑ፣ የፖሊስታኪያና የኤራንጊስ ወገኖች ግን በዛፍ ላይ ይኖራሉ። ኤራንጊስ ብራኪካርፓ የተባለው ዝርያ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለሳይንሱ ዓለም የተዋወቀው ከኢትዮጵያ በተሰበሰበ ናሙና ነው። ነጭ አበባው በምሽት ያውዳል። ከአበባው ጀርባም ከ10 ሳ.ሜ. በላይ የሚረዝም ቀጭን የወለላ ቱቦ ይወርዳል፤ ከቱቦው ጫፍ ያለውን ወለላ የሚደርስበት ረጅም ምላስ ያለው የእሳት ራት ነው። አስፕሌኒየም ኢቲዮፒኩም የተባለው ፈርን ደግሞ የአገራችንን ስም ይዞ በዛፍም በዐለትም ላይ ይበቅላል።

በደጅ መትከልና መንከባከብ

የአየር ዕፅን በደጅ ለማልማት ፍኖተ ሰላምና ቡሬ የተመቹ ናቸው። ሁለቱም 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኙ የወይና ደጋ ከተሞች በመሆናቸው ብርቱ ሙቀትም ብርቱ ውርጭም እምብዛም አያጠቃቸውም። ይሁን እንጂ ጥቂት ሥርዓቶች መከበር አለባቸው።

አንደኛ፣ ናሙናው ከየት ይገኝ የሚለው ነው። ከቆመ ዛፍ ላይ ልጦ መውሰድ የተወገዘ ነው። ነፋስ የጣለውን ወይም ለማገዶ የተቆረጠውን ቅርንጫፍ መፈለግ ይገባል፤ በላዩ ያሉት ፈርኖችና ኦርኪዶች መሬት ላይ ቢተዉ በጥላ እጦት ወይም በብስባሴ መሞታቸው አይቀርምና። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር የወደቀውንም ቢሆን ያለ ደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ መንካት አይገባም። ኦርኪዶች በሙሉ በዓለም አቀፉ የብርቅዬ አራዊትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ናቸው። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ስለሆነች፣ ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ መላክ ወንጀል ነው።

ሁለተኛ፣ የሚያርፍበት ዛፍ ምርጫ ነው። ቅርፊቱ ሻካራ፣ የማይላጥና ውኃ የሚይዝ መሆን አለበት። ያረጀ ዋንዛና ወይራ ለዚህ ይመቻሉ። ባሕር ዛፍ ግን ቅርፊቱን በየጊዜው እየላጠ ስለሚጥል የተተከለበትን ሁሉ አብሮ ይጥላል። ዕፁ የጧት ፀሐይ እንዲያገኝና ከቀትር በኋላ ካለው ሐሩር እንዲጠለል በግንዱ ምሥራቃዊ ወገን ማሰር ይመረጣል።

ሦስተኛ፣ አስተሳሰሩ ነው። ዕፁ ከነበረበት የቅርፊት ቁራጭ ሳይላቀቅ በቃጫ ወይም በጥጥ ገመድ ከአዲሱ ግንድ ጋር ይታሰራል። የመዳብ ሽቦ ለቲላንድሲያና ለዘመዶቹ መርዝ ስለሆነ መወገድ አለበት። ሥሩን በአፈር ወይም በፍግ መሸፈንም ስሕተት ነው፤ አየር የለመደ ሥር በአፈር ውስጥ ይበሰብሳል። ለመትከል ተስማሚው ጊዜ የክረምቱ መግቢያ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ አዲስ ሥር አውጥቶ ቅርፊቱን ከያዘ፣ ገመዱ በሚቀጥለው ዓመት ሊፈታ ይችላል።

አራተኛ፣ ውኃ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ንጹሕ የዝናብ ውኃ ነው። ጨውና ኖራ የበዛበት የጉድጓድ ውኃ በቅጠሉ ላይ ነጭ ቅሪት ትቶ የሚስቡትን ጠጉሮች ይደፍናል። በበጋ ለፈርንና ለኦርኪድ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ በጧት ውኃ መርጨት ይበቃል። የኦርኪዱ ሥር ራሱ ይመራናል፤ ነጭ ከሆነ ተጠምቷል፣ አረንጓዴ ከሆነ ጠጥቷል። ቲላንድሲያ ያለው ሰው በሳምንት አንድ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በውኃ ነክሮ፣ ገልብጦና አራግፎ፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እንዲደርቅ ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ያኑረው። በምሽት ማጠጣት አይመከርም፤ ከላይ እንደተገለጸው ይህ ዕፅ የሚተነፍሰው በሌሊት ስለሆነ በቅጠሉ ላይ የተኛ ውኃ ቀዳዳዎቹን ይዘጋበታልና።

በክረምት ችግሩ ይገለበጣል። ለቀናት የማያቋርጥ ዝናብ የቲላንድሲያን እምብርት ያበሰብሳል፤ በረዶም ቅጠሉን ይቀዳድዳል። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ነፋስ ከሚገባበት ጣሪያ ክፈፍ ሥር ማንጠልጠል ጥሩ ነው። ለአገሬው ፈርንና ላይከን ግን ይህ ጥንቃቄ አያስፈልግም፤ ክረምቱ የእነርሱ የሥራ ወቅት ነው። እንደ ሰከላ ባሉ ደጋማ ቦታዎች የሚኖሩ አንባብያን ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ቲላንድሲያን ከውርጭ ወደ ቤት ማስገባት ይኖርባቸዋል።

ማዳበሪያን በተመለከተ ለእርሻ የሚውለው ዩሪያ በቀጥታ ከተጨመረ ዕፁን ያቃጥለዋል። በድህነት መኖርን የለመደ ዕፅ ብልጽግናው ራሱ ይገድለዋል። ለአገሬዎቹ ዝርያዎች ከዝናቡና ከአቧራው የሚገኘው በቂ ነው።

ተማሪዎች ሊሠሩት የሚችሉት ጥናት

ይህ ትምህርት ብዙ ገንዘብ ሳያስወጣ በተግባር ሊረጋገጥ ይችላል። የመጀመሪያው ሙከራ የውኃ መያዝ አቅምን መለካት ነው። ከወደቀ ቅርንጫፍ ላይ ጥቂት የደረቀ ሞስ ወይም ላይከን ወስደን በቤተ ሙከራ ሚዛን እንመዝን። ለ10 ደቂቃ በውኃ ነክረን፣ ካንጠባጠበ በኋላ እንደገና እንመዝን። ልዩነቱን ለደረቁ ክብደት አካፍለን በ100 ብናባዛ፣ ናሙናው ከክብደቱ ስንት በመቶ ውኃ እንደያዘ እናውቃለን። ከዚያም በየሰዓቱ እየመዘንን ውኃው በምን ፍጥነት እንደሚተን በግራፍ እናሳይ።

ሁለተኛው ጥናት በሜዳ የሚሠራ ነው። ጎንና ጎኑ 20 ሳ.ሜ. የሆነ የሽቦ ክፈፍ አዘጋጅተን በ10 ዋንዛዎችና በ10 ባሕር ዛፎች ግንድ ላይ፣ ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍታ፣ በሰሜንና በደቡብ ወገን እናስቀምጥ። በክፈፉ ውስጥ ምን ያህሉ በሞስ፣ ምን ያህሉ በላይከን እንደተሸፈነ እንመዝግብ። ከመጀመራችን በፊት ግምታችንን መጻፍ አለብን። በእኛ ኬክሮስ ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ስለዚህ በበጋ የግንዱ ሰሜናዊ ወገን በጥላ ይቆያል። የበለጠ ሞስ የሚገኘው በየትኛው ወገን ይሆን? መልሱን መጽሐፍ ሳይሆን ዛፉ ይስጠን።

ዛፉ ከሌለ

የአየር ዕፅን መንከባከብ በመጨረሻ ዛፉን ወደ መንከባከብ ያደርሰናል። አንድ ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ለማገር ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ለገበሬው ማገዶ፣ የቤት መሥሪያና የጥሬ ገንዘብ ምንጭ ሆኖ ስላገለገለ ውለታው የሚካድ አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ አሮጌ ዋንዛ ተቆርጦ በቦታው 100 ባሕር ዛፎች ቢተከሉ፣ የዛፉ ቁጥር ሲጨምር በላዩ የነበረው ማኅበረሰብ ግን ቤት አልባ ይሆናል። ቅርፊቱ የሻከረ፣ መገንጠያው ብስባሽ ያጠራቀመ ዛፍ በችግኝ ጣቢያ አይገኝም፤ የሚሠራው ዘመን ነው። የኦርኪድ ዘር ደግሞ እንደ ዱቄት የደቀቀና ስንቅ የሌለው ስለሆነ ለመብቀል ተስማሚ ፈንገስ የያዘ ቅርፊት ማግኘት ይኖርበታል።

ለዚህ ነው የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ለሳይንስ ትልቅ ዋጋ ያላቸው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 የዛፍና የቁጥቋጦ ዝርያዎችን መዝግበዋል። በዙሪያቸው ያለው መሬት ማሳና ግጦሽ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ዝርያ በእነዚህ ትንንሽ ቅጥሮች መጠበቁ፣ የምእመናኑ አክብሮት ምን ያህል እንደሠራ ያሳያል። በጎጃም ገጠር ያሉት ደብሮችም ይህንኑ አደራ ይዘዋል።

ተስፋው በቅጥሩ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ክሪስቶፈር ሂላንደርና ስለሺ ነሞምሳ እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ጥናት፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በገበሬዎች የቡና ጓሮ ውስጥ ያሉ ዛፎች በርካታ ኤፒፋይቶችን እንደሚያኖሩ አሳይቷል። ጓሮው ደኑን ሙሉ በሙሉ አይተካም፤ ነገር ግን ለብዙ ዝርያዎች መሸሸጊያ ይሆናል። ከዚህ የምንማረው በማሳ ድንበርና በጓሮ የቆመ አንድ አሮጌ ዛፍም ዋጋ እንዳለው ነው።

እንግዲህ የፍኖተ ሰላም፣ የቡሬና የአካባቢው ተማሪዎች በዚህ ረገድ ሦስት ነገሮችን ሊያደርጉ ይችላሉ። በቤተሰባቸው ማሳ ላይ ተቀጽላን ከኤፒፋይት ለይተው ለወላጆቻቸው ማስረዳት፣ በትምህርት ቤታቸው ግቢ ከወደቁ ቅርንጫፎች የተረፉ ዕፅዋትን በሻካራ ቅርፊት ዛፍ ላይ ማኖር፣ እንዲሁም ዋንዛንና ወይራን ዛሬ መትከል። ዛሬ የሚተከለው ችግኝ ሞስና ፈርን ለመሸከም የሚደርሰው ተካዩ ራሱ ልጆች ካፈራ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን እነዚህን ዕፅዋት የሚሸከሟቸው ዛሬ ቆመው ያሉት አሮጌ ዛፎች ብቻ ናቸው።